«በገዛ ፈቃዴ» ተብሎ ስለሚፈረም ስንብት
በሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን በመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን ሥራ አመራር አባላት፣ ከየፈረቃው የመጣችሁ ሠራተኞች፣ ከሥራ ከተሰናበታችሁ በኋላም ይህን ቀን ሳትረሱ የተገኛችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ክቡራንና ክቡራት እንግዶች፤

እንኳን ለሠራተኞች ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ከሦስት ሳምንት በፊት ደውሎ «ጋሼ፣ ስለ ማኅበራችን ታሪክ ጥቂት ይበሉን» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። የተዘጋጀሁትም በዚያው ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ወጥቶ ሠራተኛ በሕግ የታወቀ ማኅበር እንዲኖረው ከተደረገበት ጊዜ ተነሥቼ፣ በጥር 1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት እጅ የገቡበትን፣ ከዚያም በ1986 ዓ.ም. የፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ተቋቁሞ እነዚያው ፋብሪካዎች ተመልሰው ወደ ግል መዞር የጀመሩበትን ዘመን በቅደም ተከተል ጽፌ ነበር። የዚህ ፋብሪካ በር ላይ ያለው ስም ስንት ጊዜ እንደተቀየረ፣ በውስጥ ያለው ሠራተኛ ግን ያው እንደነበረ ልነግራችሁ ፈልጌ ነበር።

ያንን ጽሑፍ ቤት ትቼው መጥቻለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ባለፈው ማክሰኞ ለዚህ ስብሰባ ጉዳይ ወደ ግቢው ስገባ፣ ከሰዓት መቆጣጠሪያው አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ርእሱ «በፈቃድ የመሰናበትና የቅድመ ጡረታ መርሐ ግብር» ይላል። ፍላጎት ያለው ሠራተኛ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያመለክት፣ ቦታው ውስን ስለሆነም ቀድሞ ላመለከተ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ይገልጻል። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቃሉን አውቀዋለሁ። ሊቀ መንበር በነበርኩበት ጊዜ ይኸው ቃል፣ በተመሳሳይ አጻጻፍ፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በመርሐ ግብሩ የተስማማንበት ቃለ ጉባኤ ላይም የእኔ ፊርማ አለበት። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ፊርማ ነው።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. የነበረውን ሁኔታ አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ለመለዋወጫ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ከሽመና ማሽኖቻችን ብዙዎቹ ቆመው ነበር። የጥጥ ዋጋ ንሯል። አገራችን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ ከሆነው የአሜሪካ የአጎዋ የንግድ ዕድል በመውጣቷ በሐዋሳና በሌሎችም ቦታዎች ያሉ የልብስ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ይቀንሱ ነበር። እኛ ወደ ውጭ የምንልከው ጥቂት ቢሆንም ወሬው እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። አስተዳደሩ ጠርቶ «ቅነሳ ውስጥ ከምንገባ፣ መሄድ የሚፈልገውን ሰው ገንዘብ ሰጥተን በክብር እንሸኘው» ሲለን፣ እኔና የሥራ አመራር ባልደረቦቼ እፎይ አልን። ማንም በግዴታ አይባረርም፤ የፈለገ ይሄዳል፤ ያልፈለገ ይቀራል። ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብለን ፈረምን። አንድ ተጨማሪ ነገርም ተስማማን፤ ጉዳዩ የሠራተኛው የግል ውሳኔ ስለሆነ ሲፈርም የማኅበሩ ተወካይ መኖር አያስፈልገውም አልን። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ ትነሣኛለች።

ከፈትል ክፍል አንዲት እህታችን ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ከእናንተ መካከል የሚያውቃት ያውቃታል። በሪንግ ማሽን ላይ 22 ዓመት ሠርታለች። የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ማሽኑን ሳታቆም፣ ቦቢኑን በግራ እጇ ገታ አድርጋ፣ በቀኝ እጇ አመልካች ጣትና አውራ ጣት ጫፉን አሹራ ትለቀዋለች፤ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም። ከዚያ ሁሉ ዓመት የተነሣ በአመልካች ጣቷ ላይ ክሩ የቆፈረው ቀጭን መስመር ነበረ። አዳዲስ ልጆች ሲቀጠሩ ካቦው መጀመሪያ የሚልካቸው ወደ እርሷ ነበር።

አንድ ዓርብ ቀን የጠዋቱ ፈረቃ በ8 ሰዓት ሲወጣ ከሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ «የሰው ኃይል አስተዳደር ይፈልግሻል» ተባለች። በነጠላዋ ላይ የጥጡ ብናኝ እንዳለ ሄደች። አግዳሚ ወንበር ላይ አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቀች። ስትገባ ከጠረጴዛው ወዲያ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የአስተዳደሩ፣ ሌላው የሂሳብ ክፍሉ። ሻይ አዘዙላት። ከዚያ የፈትል ክፍሉ ሊታጠፍ እንደሚችል፣ ገና እንዳልተወሰነ፣ ከታጠፈ ግን አሁን የተዘጋጀው የስድስት ወር ደመወዝ እንደማይገኝ ነገሯት። ወረቀቱ በኮምፒውተር የተጻፈ ነበር። «እኔ» ይልና ለስም የሚሆን ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ቀጥሎ «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለመልቀቅ የወሰንኩ ሲሆን፣ ከዚህ በኋላ በድርጅቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የማላነሣ መሆኔን አረጋግጣለሁ» ይላል። ወገኖቼ፣ ፈቃዷ ከእርሷ ቀድሞ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃት ነበር! የቀረው ስሟን መሙላት ብቻ ነው።

«ልጄን ላማክር፤ ሰኞ ልምጣ» አለች። ቦታው እየሞላ መሆኑን ነገሯት። ሻይውን ሳትጠጣ ፈረመች።

ከስምንት ወር በኋላ ቤቴ መጣች። በእጇ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች። ለምን እንደፈረመች ስጠይቃት የመለሰችልኝን ቃል እስክሞት አልረሳውም። «ጋሼ፣ እርስዎ የፈረሙበት ነው አሉኝ፤ ስለዚህ ፈረምኩ» አለችኝ።

በዚያ ምሽት አዋጁን አውጥቼ፣ ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ። ቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን ያን ጊዜ አደረግኩ። እናንተም ዛሬ አብራችሁኝ ቁጠሩ።

ደመወዟ 4,500 ብር ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። የእርሷ 22 ዓመት ሲሰላ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ወር፣ ለቀሪው 21 ዓመት ሰባት ወር፣ በድምሩ የስምንት ወር ደመወዝ፣ ማለትም 36,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ ሠራተኛው የተሰናበተው በቅነሳ ከሆነ ሕጉ የ60 ቀን ደመወዝ በተጨማሪ ይሰጠዋል፤ ይህም 9,000 ብር ነው። ድምሩ 45,000 ብር። በቅነሳ የሚሄድ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይገባዋል፤ እሱን አልቆጠርኩትም።

እርሷ የተሰጣት 27,000 ብር ነው። «በክብር እንሸኘው» የተባለው፣ ሕጉ በግድ ለሚቀነሰው ከደነገገው 18,000 ብር ያነሰ ነበር። እኔ በእርሷ ስም የተስማማሁበት ይህ ነው። ግብሩና የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ዕዳ ከተቀነሰ በኋላ እጇ የገባው 15,000 ብር አልሞላም። ከዚያም ውስጥ ለልጇ የኮሌጅ ክፍያ ከፈለች፤ በቀረው በር ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ጀመረች፤ ክረምቱ ሲገባ ተወችው።

ጡረታውንም አሰላሁት። ስትወጣ ዕድሜዋ 49 ነበር። በጡረታ ሕጉ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጦሪያ ዕድሜው አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ55 ዓመቱ አበሉን መቀበል ይጀምራል፤ 20 ዓመት ሞልቶት 25 ሳይሞላ የለቀቀ ግን 60 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ አለበት። ሦስት ዓመት ቀርቷት ነበር! እነዚያን ሦስት ዓመታት ብትቆይ ኖሮ የሚጠብቃትን አምስት ዓመት ታተርፍ ነበር። እስከ 55 ብትሠራ ደግሞ አገልግሎቷ 28 ዓመት ይሆን ነበር፤ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ለቀሪው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ሲታሰብ የደመወዟን 52.5 በመቶ ታገኝ ነበር። አሁን የሚጠብቃት 45 በመቶ ነው፤ እሱም የሚሰላው ከመውጣቷ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። በ2025 ዓ.ም. 60 ዓመት ሲሞላት የሚሰጣት አበል በ2014 ዓ.ም. ደመወዝ የተሰላ ይሆናል ማለት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሲሄድ ገበያው ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለእርሷ ይህ ጡረታ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

«ታዲያ ክስ አትመሠርትም ነበር ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ይህንኑ ብዬ ነው በማግስቱ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ ይዣት የሄድኩት። ጠበቃው የአዋጁን አንቀጽ 25 ገልጦ አሳየን። ሠራተኛና አሠሪ በስምምነት ውሉን ማቋረጥ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት ትቻለሁ ብሎ መፈረሙ ሕጋዊ ውጤት የለውም ይላል። ያ «ምንም ጥያቄ አላነሣም» የሚለው የታተመ ዐረፍተ ነገር በሕግ ፊት ክብደት አልነበረውም። እርሷ ግን አምናበት ስምንት ወር ቤቷ ተቀመጠች። ከሥራ ሲሰናበት ሊከፈለው ይገባ የነበረውን ገንዘብ የሚጠይቅ ሠራተኛ በስድስት ወር፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከተ ጥያቄው በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። ጠበቃው ቀኑን ቆጥሮ መዝገቡን ዘጋ። ዋጋ የሌለው ወረቀት እስከ ይርጋው ድረስ አፏን ይዞ አቆያት።

ዛሬ ይህን መናገሬን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምትሉ ካላችሁ አልቀየማችሁም። ጅቡ ግን አልሄደም። ማክሰኞ ዕለት በሰሌዳው ላይ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ እዚህ የቆምኩበትን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። «በፈቃድ» የሚለው ቃል ከባድ ቃል ነው። አንድ ሰው በፈቃዱ አደረገ የምንለው እምቢ ማለት ሲችል፣ እምቢ ቢል የሚደርስበትን ሲያውቅ፣ እሺ ቢል የሚያገኘውንም የሚያጣውንም አስልቶ ሲያውቅ፣ ለማሰቢያም ጊዜ ሲኖረው ነው። «ክፍልህ ሊታጠፍ ይችላል፤ ዛሬ ካልፈረምክ ይህም ይቀርብሃል» ተብሎ የተፈረመ ፊርማ የፍርሃት ፊርማ ነው። ፍርሃትን ፈቃድ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ ማኅበር ደግሞ ውሸት ላይ ምስክር ሆኖ መፈረም የለበትም!

ለምን ይህ ቃል እንደሚወደድም ልብ በሉ። አዋጁ ቅነሳን ዝም ብሎ አልፈቀደም። ከ10 በመቶ ያላነሰ ሠራተኛ የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ከአምስት ያላነሱ ሰዎችን የሚነካ ከሆነ ቅነሳ ይባላል፤ አሠሪው ከሠራተኛው ማኅበር ጋር መመካከር አለበት፤ በሥራ ችሎታና በምርታማነት እኩል በሆኑት መካከል መጀመሪያ የሚሄዱት ጥቂት ዓመት ያገለገሉት ናቸው፤ ከዚያም ጥቂት ጥገኛ ያላቸው እያለ ይቀጥላል፤ በዚሁ ድርጅት በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸውና ነፍሰ ጡር እናቶች ከመጨረሻዎቹ ተርታ ናቸው። ከ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42 ጀምሮ፣ በ1996ቱ ቁጥር 377ም፣ በአሁኑም ለቅነሳ ሥርዓት ተበጅቶለታል። የዚህ ሥርዓት አሳቡ ረጅም ዘመን ያገለገለው ሰው እንዲጠበቅ ነው። «በፈቃድ» ሲባል ይህ ተራ ይገለበጣል። ቢሮ የሚጠሩት ከሁሉ በፊት አሮጌዎቹ ናቸው፤ ደመወዛቸው ከፍ ያለ፣ ወገባቸው የደከመ፣ ስለ መብታቸው የሚናገሩ። ሕጉ በመጨረሻ እንዲሄዱ ያላቸውን ሰዎች፣ ቃሏ በመጀመሪያ ታወጣቸዋለች።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጃፓኖች አለቃው ሠራተኛውን ቀስ ብሎ በቃህ የሚልበትን መንገድ «ትከሻ መታ መታ ማድረግ» ይሉታል። በህንድ የመንግሥት የሆነው የስልክ ድርጅት ቢ.ኤስ.ኤን.ኤል ከ150 ሺህ ገደማ ሠራተኞቹ ውስጥ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ78 ሺህ በላይ የሚሆኑትን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 31፣ 2020 በአንድ ቀን በፈቃድ ጡረታ ሸኝቷል። እነዚያ ሰዎች በወራት የሚቆጠር ደመወዛቸው ሳይከፈል ዘግይቶባቸው እንደነበር ስታውቁ፣ ፈቃዱ ከየት እንደመጣ አይጠፋችሁም። በአሜሪካ ደግሞ ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሠራተኛ በቡድን በሚደረግ የስንብት መርሐ ግብር የመክሰስ መብቱን ትቻለሁ ብሎ እንዲፈርም ሲጠየቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ ለማሰቢያ 45 ቀን ይሰጠዋል፤ ከፈረመም በኋላ ሐሳቡን ለመቀየር 7 ቀን አለው። አርባ አምስት ቀን! የእኛ እህት ሰኞ ድረስ ለምና ተከለከለች።

አስተዳደሩ የሚለውንም በሐቅ ልናገር፤ ሌላውን ወገን ዘልሎ መናገር አልወድም። ፋብሪካው ተዘግቶ ሁሉም ባዶ እጁን ከሚቀር ጥቂቱ ገንዘብ ይዞ ቢሄድ ይሻላል የሚለው አነጋገር ውስጡ እውነት አለው። በእርግጥ መሄድ የሚፈልግም ሰው አለ። ከሽመና ክፍል አንድ ወንድማችን በ57 ዓመቱ፣ ጉልበቱ ደረጃ መውጣት ከልክሎት፣ ልጆቹ ራሳቸውን ችለው፣ ጡረታውም ተከብሮለት በፈቃዱ ሄዷል፤ እስከ ዛሬም ይመርቀናል። የቅድመ ጡረታ መርሐ ግብር ለእንዲህ ያለው ሰው የተሠራ ከሆነ እኔ ቀድሜ እፈርምለታለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መርሐ ግብሩ መልካም ከሆነ ለምን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይፈረማል? ለምን ማኅበሩ ከክፍሉ ይወጣል? ለምን ስሌቱ ለሠራተኛው በወረቀት አይሰጠውም?

ለፋብሪካውም ቢሆን የሚጠቅም አልነበረም። ቶሎ ብለው የፈረሙት ሌላ ቦታ ሥራ የሚያገኙት፣ እጃቸው የተባረከው ናቸው። የቦይለር መካኒካችን የስድስት ወሩን ደመወዝ ተቀብሎ ወጣ፤ በአራተኛው ወር ቦይለሩ ሲቆም በቀን ሂሳብ ተጠርቶ ተመለሰ፤ ቀድሞ በወር ያገኝ የነበረውን በጥቂት ቀናት እየተከፈለው። ከኤሌክትሪክ ክፍልም እንዲሁ ሆኗል። የፈትል ክፍሉስ? አልታጠፈም። ዛሬም ይሠራል። በእህታችን ቦታ በኤጀንሲ የመጡ ልጆች ቆመዋል፤ ክር የሚያስቀጥላቸው ግን የለም።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ለአዲሱ የኅብረት ስምምነት ድርድር እየተዘጋጀ መሆኑን ሰምቻለሁ። ስለ ደመወዝ ጭማሪ፣ ስለ ሥራ ልብስ፣ ስለ ወተት አበል የምትሉትን እደግፋለሁ፤ በዚያ ላይ እኔ የምጨምረው ብዙ የለኝም። አንድ አንቀጽ ግን እንዲገባ ይህን ጉባኤ እለምናለሁ፤ ከለመንኩም በላይ እጠይቃለሁ። በፈቃድ የሚሰናበት ወይም ቀድሞ ጡረታ የሚወጣ ማንኛውም ሠራተኛ የሚከፈለው ሕጉ በቅነሳ ለሚሰናበት ከሚሰጠው፣ የ60 ቀኑንም ጨምሮ፣ ማነስ የለበትም። የሥራ ስንብቱና የጡረታው ስሌት በጽሑፍ ተሰጥቶት ቤቱ ይዞት ይሂድ፤ ለማሰቢያ ቢያንስ 30 ቀን ይኑረው፤ ከፈረመም በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ መሻር ይችል። ሲፈርም ማኅበሩ ከጎኑ ይቀመጥ፤ ያለ ማኅበሩ ተወካይ የተፈረመ ፊርማ በዚህ ግቢ ውስጥ ፊርማ አይባል! ክፍያውም አዋጁ እንደሚያዝዘው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጸም።

የሥራ አመራር አባላት ሆይ፣ ወንበሩን አውቀዋለሁ። አስተዳደሩ ሲጠራችሁ ሻይ ያዝዝላችኋል፤ በወንድምነት ያነጋግራችኋል፤ «እኛም ሳንወድ ነው» ይላችኋል፤ ምናልባት እውነቱን ነው። ከፊታችሁ የሚያስቀምጠው ቃለ ጉባኤ አጭር ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት ከፈትል ክፍል አንድ ሰው፣ ከሽመና ክፍል አንድ ሰው፣ ከማቅለሚያው አንድ ሰው ስም ውሰዱና የእያንዳንዱን አገልግሎት፣ ደመወዝና ዕድሜ ይዛችሁ አስሉ። እኔ ያን ምሽት በካልኩሌተር ያጠፋሁት ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም። ያቺን አንድ ሰዓት ከስምንት ወር በፊት ብሰጣት ኖሮ፣ ያቺ እህቴ ዛሬ ከእናንተ ጋር በፈረቃዋ ላይ ትሆን ነበር።

በሰሌዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ የሰጠው ቀነ ገደብ ከዛሬ ጀምሮ ስድስት የሥራ ቀን ቀርቶታል። እኔ የስሌቱን ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ መቶ ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ። ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። የተቀጠራችሁበትን ቀን፣ የአሁኑን ደመወዛችሁንና የልደት ዘመናችሁን ይዛችሁ ኑ። ቅጹን አስቀድማችሁ የሞላችሁም ኑ፤ የማታው ፈረቃ እስኪገባ ድረስ እዚያው ነኝ።

አመሰግናለሁ።